በማግስቱ ገበያ የወጡት ተከላካይ፦ የቱኑማ ወጣቶች እግር ኳስ ማኅበር ስለ አቶ ሲሪኪ ሚሎጎ ዕረፍት

የቱኑማ ወጣቶች እግር ኳስ ማኅበር መሥራቹን፣ የረጅም ዘመን ሊቀመንበሩንና የመጀመሪያ አሰልጣኙን አቶ ሲሪኪ ሚሎጎን ባለፈው እሑድ ማለዳ በሞት ተነጥቋል። ይህን ለማኅበሩ አባላትና ሠራተኞች፣ ለተጫዋቾቻችንና ለወላጆቻቸው፣ ለቦቦ ዲዩላሶ ከተማ ሕዝብ፣ እንዲሁም በፈረንሳይና በቤልጂየም ለሚገኙ የቀድሞ የሙያ ባልደረቦቻቸው የምናስታውቀው ልባችን እጅግ አዝኖ ነው። አቶ ሲሪኪ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው በስልሳ አንድ ዓመታቸው በቤታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተገኙበት ዐርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በዚያው ዕለት ከዐስር ሶላት በኋላ ተፈጽሟል።

ከእሑድ ወዲህ በከተማችን ሬዲዮኖች ስለ እሳቸው ብዙ ተነግሯል። አብዛኛው እውነት ነው። ይሁን እንጂ አንዲት ጨዋታ ብቻ አንስተው የሚያልፉ ጣቢያዎች ስላሉ፣ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የሕይወትና የሥራ ታሪካቸውን ከመነሻው ማቅረብ ተገቢ ሆኖ አግኝቶታል። ያችንም ጨዋታ አንዘልላትም። እሳቸውም ዘልለዋት አያውቁም።

አቶ ሲሪኪ በ1963 እ.ኤ.አ. በዚሁ በቱኑማ ሠፈር ተወለዱ። አባታቸው አቶ ኮቴ ሚሎጎ በምድር ባቡር የፍሬን ሠራተኛ ነበሩ፤ እናታቸው ወይዘሮ ሳራን ደግሞ በጣቢያው በር ላይ በዘይት የሚጠበስ የአደንጓሬ ሊጥ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። ኳስ የጀመሩት ከጎረቤታቸው ልጅ ከዴምባ ሲዲቤ ጋር ነው። ሲሪኪ ተከላካይ፣ ዴምባ በረኛ ሆነው ከሠፈር ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤትም ወደ ከተማው ክለብ አብረው አደጉ።

እዚህ ላይ ለውጭ አገር ወዳጆቻችን አንድ ማብራሪያ ያስፈልጋል። አቶ ሲሪኪ የቦቦ ብሔረሰብ ተወላጅ ናቸው፤ በኋላ አሰልጣኝ የሆኑት ዴምባ ደግሞ የከብት አርቢዎቹ የፉላኒዎች ተወላጅ ናቸው። በሁለቱ ሕዝቦች መካከል የቀልድ ዝምድና አለ። አንዱ ሌላውን «ሎሌዬ» እያለ ሲሰድበው ይውላል፤ ተሰዳቢው መልሶ ይሳደባል እንጂ መቆጣት አይችልም። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው የአሰልጣኝ ዴምባ ንግግር ሁሉ በዚህ ወግ መሠረት መታየት ይኖርበታል።

በ1986 ሁለቱም በሰሜን ፈረንሳይ ለሚገኘው የቫልሜር ክለብ ሙከራ እንዲያደርጉ ተጋበዙ። በረዶ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወቱት ያን ጊዜ ነው። ከሙከራው በኋላ ክለቡ ተከላካዩን እንደሚፈልግ፣ በረኛው ግን ቁመቱ እንደማይበቃ አስታወቀ። አቶ ሲሪኪ ብቻቸውን መቅረት አልፈለጉም፤ ሻንጣቸውን አዘጋጅተው ጓደኛቸውን ተከትለው ባቡር ጣቢያ ደረሱ። አሰልጣኝ ዴምባ ሻንጣውን ከእጃቸው ወስደው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡት።

«አንተ እዚህ ቅር» አሏቸው። «አንድ ቦቦ እንኳ ፈረንሳይ ከቀረ፣ አገር ቤት ያሉ ላሞቼ ያለ ስጋት ያድራሉ።»

አቶ ሲሪኪ ባቡሩ ሲነሳ እየሳቁ እንደነበር፣ ወደ ማደሪያቸው ሲመለሱ ግን መንገዱን ሁሉ እንዳለቀሱ ለአባሎቻችን ደጋግመው ነግረዋል። አሰልጣኝ ዴምባ ወደ ቦቦ ተመልሰው በባቡር ጣቢያው የዕቃ መጋዘን ተቀጠሩ፤ ከሥራ ሰዓት ውጪም የሠፈሩን ቡድን ማሰልጠን ጀመሩ።

በቫልሜር አቶ ሲሪኪ በአጭር ጊዜ ውስጥ የመሐል ተከላካይነቱን ቦታ ያዙ። ብዙ የማይሮጡ፣ ኳሱ ወዴት እንደሚመጣ ቀድመው የሚያዩ፣ አጥቂን ሳይመቱ የሚያስቆሙ ተጫዋች ነበሩ። ክለቡ ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ሲያድግ ከቋሚዎቹ አንዱ እሳቸው ነበሩ። በዚያው ዘመን ወይዘሪት አዋ ኩሊባሊን አግብተው የመጀመሪያ ልጃቸውን ወለዱ።

በ1992 ብሔራዊ ቡድናችን ለአህጉሩ ዋንጫ የመጨረሻ ማጣሪያውን በከተማችን ስታዲየም ከአንድ ጎረቤት አገር ጋር ሊጫወት ቀጠሮ ተያዘ። ለማለፍ አቻ መውጣት ይበቃን ነበር። አቶ ሲሪኪ ተጠሩ። በዚያው ሳምንት ክለባቸው ወሳኝ ጨዋታ ነበረበትና አሰልጣኙ በግልጽ ነገሯቸው፤ መሄድ ይችላሉ፣ የሚከለክላቸው የለም፣ ሲመለሱ ግን በቦታቸው ሌላ ሰው ቆሞ ያገኙታል።

አቶ ሲሪኪ ወደ ባቡር ጣቢያው መጋዘን ስልክ ደውለው የጓደኛቸውን ምክር ጠየቁ። አሰልጣኝ ዴምባ በመጀመሪያ እንደ ወጉ፣ ሎሌ ጌታውን በስልክ አያስቸግርም ብለው መለሱላቸው። ቀጥለው ግን ቀልዱን ተዉት።

«ስማኝ ሲሪኪ። ብትመጣ ቦታህን ታጣለህ፤ ሰውየው እየዋሸህ አይደለም። ብትቀር ደግሞ እዚህ ማንም አይቀየምህም። ስለዚህ ለእኛ ብለህ እንዳትመጣ። መጫወት ካማረህ ና።»

«አምሮኛል» አሉ አቶ ሲሪኪ። መጡም።

ጨዋታው ሊጠናቀቅ ጥቂት ሲቀረው ውጤቱ ባዶ ለባዶ ነበር። ከግራ መስመር የተሻማችን ኳስ አቶ ሲሪኪ ወደ ውጭ ሊገጯት ዘለሉ። ኳሷ ጭንቅላታቸውን ስታ ትከሻቸውን ነካችና ከበረኛችን ጀርባ መረብ ውስጥ ገባች። አገራችን ከውድድሩ ወጣች። ስታዲየሙ ውስጥ የነበርን ሁሉ ያን ጸጥታ እናስታውሰዋለን። ከጸጥታው በኋላ የመጣውንም እናስታውሳለን፤ የብርቱካን ልጣጭ፣ ጫማ፣ እዚህ መጻፍ የማይገባ ስድብ።

ቡድኑን የመሩት ባለሥልጣናት አቶ ሲሪኪን መጋረጃ ባለው መኪና በቀጥታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሊወስዷቸው ሐሳብ አቀረቡ። እሳቸው ግን ወደ እናታቸው ቤት እንዲያደርሷቸው ጠየቁ። ወይዘሮ ሳራን ጨዋታውን በሬዲዮ ተከታትለውት ነበር። ልጃቸው ገብተው ሲቀመጡ ስለ ኳስ ምንም አላነሡም፤ ራት አቀረቡ፣ ልጃቸው እስኪጨርሱም ጠበቁ።

«ለነገ ሾርባ ባሚያ የለኝም» አሉ በመጨረሻ። «ጠዋት ገበያ ወጥተህ ግዛልኝ።»

ታላቅ ወንድማቸው ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። የሕዝቡ ንዴት እስኪበርድ አንድ ሳምንት ይለፍ፣ ባሚያውን ሌላ ሰው ይግዛ አሉ። እናትየው ግን አልተቀበሉም።

«ነገ ከተደበቀ ከነገ ወዲያም ይደበቃል። ከዚያ በኋላ የገዛ ከተማውን እየፈራ ሊኖር ነው። እኔ ከተማውን የሚፈራ ልጅ አልወለድኩም።»

በማግስቱ ጠዋት አቶ ሲሪኪ የእናታቸውን ቅርጫት ይዘው በእግራቸው ወደ ትልቁ ገበያ ወጡ። በማንጎ ዛፎቹ ሥር የተቀመጡ ሰዎች ሰላምታቸውን አልመለሱላቸውም። ሞተር ሳይክል ጠጋኞች ሥራቸውን አቁመው ቆመው ተመለከቷቸው። ከጎማ ሻጮቹ አንዱ መንገዳቸውን ዘጋና ፊት ለፊት ጠየቃቸው።

«ምን ከፈሉህ?»

ሌሎችም እየተሰበሰቡ ነበር። አቶ ሲሪኪ ቅርጫቱን መሬት ላይ አላስቀመጡም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም።

«ማንም አልከፈለኝም። ወደ ውጭ ልገጫት ነበር፣ አመለጠችኝ። ስትገባ ከሁላችሁም ቀድሜ ያየኋት እኔ ነኝ።»

ሰውየው ከመንገዱ አልተነሣም። በዚህ መካከል ነው አሰልጣኝ ዴምባ በብስክሌት የደረሱት። ከብስክሌቱ ወርደው በሰዎቹ መካከል ገቡና ገበያው በሙሉ እስኪሰማ ድረስ መጮኽ ጀመሩ።

«መንገድ ልቀቁ! በሁለቱም በር ማግባት የሚችል ተጫዋች አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፈረንሳዮች አንዱን በር ብቻ ነው ያስተማሩት፣ ሁለተኛውን በራሱ ጥረት ነው የተማረው! ሎሌዬ ነው፣ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ቦቦ ግራና ቀኙን ለይቶ እንደማያውቅ ስነግራችሁ አላመናችሁኝም ነበር!»

መጀመሪያ የሳቁት ወተት ሻጮቹ የፉላኒ ሴቶች ነበሩ። ቀጥለው ሥጋ ሻጮቹ ሳቁ። አቶ ሲሪኪም ወጉ እንደሚያዘው መልስ ሰጡ፤ ጌታህ ነኝ ባዩ ሰውዬ በልጅነቱ በረኛ ሆኖ በእግሮቹ መካከል ያላሳለፈው ነገር ቢኖር ላም ብቻ እንደሆነ ለገበያው አስታወቁ። ጎማ ሻጩ ራሱን እየነቀነቀ ወደ ጎማዎቹ ተመለሰ። አልሳቀም፣ መንገዱን ግን ለቀቀ።

ባሚያ የምትሸጠዋ አሮጊት እየመረጠች ስታይ ቆየችና ጠየቀቻቸው፦ «ትናንት ወደ እኛው በር ያገባኸው አንተ ነህ?»

«አዎ እናቴ፣ እኔ ነኝ።»

«በል ቅርጫትህን ወደ እኔ አዙር፤ ወደ ኋላህ እንዳትደፋብኝ።»

አቶ ሲሪኪ ያን ሳምንት ሙሉ ከከተማው አልወጡም። በየጠዋቱ ገበያ ሄዱ፣ ጁምዓ ከሰዉ ጋር ሰገዱ፣ በሠፈሩ ሜዳ የአሰልጣኝ ዴምባን ልጆች አሠለጠኑ። ወደ ፈረንሳይ ለመመለስ ሲነሡ ባቡር ጣቢያው ድረስ የሸኛቸው ሰው ብዙ ነበር። ያም ሆኖ ሁሉም ይቅር አላለም፤ ይህንንም መደበቅ አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በመንገድ ላይ ፊታቸውን ያዞሩባቸው ሰዎች ነበሩ፤ እሳቸውም ለእነዚያ ሰዎች ሰላምታ መስጠት አላቆሙም።

በቫልሜር የጠበቃቸው አሰልጣኙ የተናገሩት ነው። ቦታቸው ተይዞ ነበር። ቀሪውን የውድድር ዘመን ከሁለተኛው ቡድን ጋር ባዶ ሜዳዎች ላይ ተጫወቱ። በእነዚያ ወራት ባለቤታቸው፣ ለዚያ ጨዋታ መሄዳቸው አይቆጫቸውም ወይ ብለው ሲጠይቋቸው፣ የሚቆጫቸው ትከሻቸውን አለማጠፋቸው ብቻ እንደሆነ መልሰውላቸዋል።

በ1993 ሊንደሆቭ ወደሚባል የቤልጂየም የሽመና ከተማ ክለብ ተዛወሩ። ክለቡ በሁለተኛ ዲቪዚዮን ታች ላይ የሚንገታገት ነበር። በሁለተኛው ዓመት የጉልበታቸው ጅማት ተበጠሰ፤ ሐኪሙም ኳስ ማቆም እንዳለባቸው ነገራቸው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንድ ክረምት ሙሉ በከተማው የውሃ ቦይ ዳር ብቻቸውን እየተራመዱ፣ ቀስ በቀስም እየሮጡ ጉልበታቸውን መለሱ። ሜዳ ሲገቡ ክለቡ አምበል አደረጋቸው።

በ1996 ሊንደሆቭ ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን ለማደግ በሚያበቃው ጨዋታ ላይ ዮሪስ የሚባል የከተማው ተወላጅ ወጣት ተከላካይ ኳስ በራሱ ግብ ላይ አስቆጠረ። ቡድኑም ተሸነፈ። መልበሻ ክፍል ውስጥ ማንም ከዮሪስ አጠገብ መቀመጥ አልፈለገም። አቶ ሲሪኪ ሄደው ጎኑ ተቀመጡና ነገ እሑድ ገበያ መኖሩን ጠየቁት።

«አለ» አለ ዮሪስ። «ለምን?»

«ባለቤቴ ድንች ትፈልጋለች። አብረን እንሄዳለን።»

በማግስቱ የሊንደሆቭ ሰዎች በገበያቸው መካከል አምበላቸውን በተሰባበረ የአካባቢው ቋንቋ፣ በፍላማንድኛ፣ እየጮኹ አገኟቸው፤ ይህ ልጅ በሁለቱም በር ያገባል፣ እንዲህ ያለ ተጫዋች ብርቅ ነው፣ ያስተማርኩት እኔ ነኝ ይሉ ነበር። የሊንደሆቭ ሰው የቀልድ ዝምድና የለውም። ቆሞ አያቸው። ከዚያ አንዲት አይብ ሻጭ ሳቀች፣ ተከትሎም መላው ገበያ ሳቀ። በሚቀጥለው ዓመት ክለቡ አደገ፤ ወሳኙን ግብ ከማዕዘን ምት በጭንቅላቱ ያስቆጠረውም ዮሪስ ነበር። አቶ ዮሪስ ዛሬ የዚያው ክለብ ዋና አሰልጣኝ ናቸው። ማክሰኞ ዕለት ቦቦ ደርሰው ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጠዋል።

አቶ ሲሪኪ በ1999 ጫማቸውን ሰቀሉ። ሊንደሆቭ አሰልጣኝ ሆነው እንዲቀሩ ጠይቋቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ከባለቤታቸውና ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ወደ ቦቦ ተመለሱ። በ2001 ከአሰልጣኝ ዴምባ ጋር በባቡር ሐዲዱ አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ይህን ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ ዛሬም የሚሠራባቸው ደንቦች የእሳቸው ናቸው። ተጫዋች ትምህርቱን ካቋረጠ ልምምድ አይገባም። የተቃራኒ ቡድን ተጫዋች ሲወድቅ የሚያነሳው በጣም ቅርብ የሆነው ተከላካይ ነው። በራሱ ግብ ላይ ያስቆጠረ ተጫዋች ደግሞ በማግስቱ ከአምበሉ ጋር ለቡድኑ ምሳ የሚሆነውን ለመግዛት ገበያ ይወጣል። ይህ ደንብ ቅጣት የሚመስላቸው ወላጆች አሉ፤ ተጫዋቾቹ ግን ያውቁታል።

በ2006 የሴቶች ቡድን ሲቋቋም አንዳንድ የሠፈሩ ሽማግሌዎች ተቃወሙ። አቶ ሲሪኪ አልተከራከሩም፤ ሽማግሌዎቹን ልምምድ እንዲያዩ ጋበዙና ወንበር አቀረቡላቸው። ከመካከላቸው ሁለቱ እስኪሞቱ ድረስ ከወንበራቸው አልተነሡም፤ ዳኛ መስደብም የጀመሩት እዚያ ነው። ከዚያ ቡድን የወጡ ተጫዋቾች ዛሬ በብሔራዊ ቡድናችን ውስጥ ይገኛሉ።

በ2009 አንድ የውጭ አገር ወኪል ከተጫዋቾቻችን ሦስቱን በአንድ ጊዜ ወደ አውሮፓ ሊወስድ መጣ። ወላጆች ደስ ብሏቸው ነበር። አቶ ሲሪኪ ወኪሉን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ክለቡ አልቀበልም ቢላቸው የዚያን ዕለት የት ያድራሉ? ወኪሉ ይህ በኋላ የሚታይ ነው አለ። አቶ ሲሪኪ አይሄዱም አሉ። ከአባቶቹ አንዱ በማኅበሩ ግቢ ውስጥ፣ አንተ በልተህ ጠገብክና የእኛን ልጆች በር ትዘጋለህ ብለው ሰደቧቸው። በሚቀጥለው ወር አቶ ሲሪኪ ራሳቸው ወደ አውሮፓ ሄደው ከክለብ ክለብ ዞሩ፤ ሦስቱንም ተቀብሎ የሚያኖር ቤተሰብና የሚማሩበት ትምህርት ቤት ካዘጋጁ በኋላ ሸኟቸው። አንዱ ዛሬም እየተጫወተ ነው፣ ሁለተኛው የስፖርት ሐኪም ሆኗል፣ ሦስተኛው አልሳካ ሲለው ያለ ሀፍረት ተመልሶ አሁን የበረኞች አሰልጣኛችን ነው። ማኅበሩ በሦስቱም እኩል ይኮራል።

በቀብራቸው ዕለት ከቱኑማ እስከ መቃብሩ ያለው መንገድ በሰው ተሞልቶ ነበር። አስከሬኑ ከግቢው ሲወጣ አሰልጣኝ ዴምባ እንደ ወጉ መንገዱን ዘጉ።

«ይህ ሎሌዬ ነው። እኔን ሳያስፈቅድ የት ልትወስዱት ነው?» አሉ። «ሥራ ጠልቶ ነው የተኛው። ቀስቅሱት፣ የልምምድ ሰዓት ደርሷል።»

ለቀስተኛው ሳቀ። ወይዘሮ አዋም በለቅሷቸው መካከል ሳቁ። የሟቹ የበኩር ልጅ በአገሩ ወግ ለልመና የሚቀርበውን የኮላ ፍሬ አቅርበው አሰልጣኝ ዴምባን ለመኑ። እሳቸውም ፍሬው አንሷል፣ አርጅቷል፣ ቦቦ ያነካካው ነው እያሉ ሕዝቡን ሲያስቁ ቆዩና በመጨረሻ መንገዱን ለቀቁ። ከቀብሩ በኋላ ሰዉ ሁሉ ሲመለስ አሰልጣኝ ዴምባ ግን ወደ ኋላ ቀርተው ለረጅም ጊዜ ቆመው ታይተዋል። ቆባቸውን ያወልቃሉ፣ መልሰው ያደርጉታል፣ እንደገና ያወልቃሉ። ሊጠሯቸው የሄዱ ተጫዋቾች መሐል መንገድ ላይ ቆመው ጠበቋቸው።

የማኅበሩ ልምምድ በመጪው ሰኞ በተለመደው ሰዓት ይጀምራል። የሊቀመንበርነቱን ሥራ እስከ ጠቅላላ ጉባኤው ድረስ ምክትል ሊቀመንበሯ ወይዘሮ ሮኪያ ትራኦሬ ያከናውናሉ። ማኅበሩ መሥራቹ በተከሉት ደንብ፣ በሰጡት አመራርና ባፈሯቸው ሰዎች ጸንቶ እንደቆመና ሥራውም እንደሚቀጥል ለአባላቱ ያረጋግጣል።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ አዋ፣ ለልጆቻቸው፣ ለታላቅ ወንድማቸውና ለመላው የሚሎጎ ቤተሰብ፣ ለቫልሜርና ለሊንደሆቭ የቀድሞ ባልደረቦቻቸው፣ በሜዳችን ላደጉ ተጫዋቾች ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። አላህ ይዘንላቸው፣ ማረፊያቸውንም ያስፋላቸው።

የቀልድ ዘመድ በወዳጁ ሞት ያስቃል እንጂ አያለቅስም፤ «አላህ ያጽናህ» የሚለውም የለም። ወጉ ይህ ስለሆነ ከእሑድ ጀምሮ አሰልጣኝ ዴምባ ሲዲቤን በቃል ያጽናናቸው አንድም ሰው የለም። እኛም ወጉን አንጥስም፤ ስናገኛቸው እንደተለመደው እንሰዳደባለን። ይህ ግን ጽሑፍ ነውና፣ የማኅበሩ አባላትና ሠራተኞች በሙሉ በአንድነት እዚህ ላይ እንጽፈዋለን፦ አሰልጣኝ ዴምባ፣ አላህ ያጽናዎት።

የቱኑማ ወጣቶች እግር ኳስ ማኅበር
ቦቦ ዲዩላሶ